አዲስ ድመትና ነባሮቹ፤ የጎተራው ጥበቃ በትውውቅ ይጀምራል

በወላይታ ዞን በበልግ የተዘራው በቆሎ ተሰብስቦ ጎተራ ሲገባ የአርሶ አደሩ ድካም አያበቃም፤ ምርቱን ከአይጥ መጠበቅ ይቀጥላል። ነዋሪው በርካታ፣ የእርሻ ማሳውም ጠባብ በሆነበት በዚህ አካባቢ በአይጥ የሚጠፋ እያንዳንዱ ቁና ከቤተሰቡ ቀለብ የሚቀነስ ነው። አይጥ ከሚበላው ሌላ በሽንቱና በዓይነ ምድሩ የሚበክለውም እህል ቀላል አይደለም።

ድመት ከገጠር ቤት የማይጠፋው ለዚህ ነው። ነባሮቹ ሲያረጁ ወይም ሲያንሱ ከጎረቤት አለያም ከዘመድ አዲስ ይመጣል። ይሁን እንጂ አዲሷ ድመት በመጣችበት ዕለት ከነባሮቹ መካከል ከተለቀቀች ጠብ ይነሳል። ወይ ተነካክሳ ትቆስላለች፣ ወይ ሸሽታ ትጠፋለች። ቤቱን ጥላ የምትሄደው ነባሯ የምትሆንበት ጊዜም አለ።

ድመት ቤተኛውን ከእንግዳ የምትለየው በዋናነት በጠረን ነው። ስለዚህ ከመተያየታቸው በፊት ጠረናቸው ይተዋወቅ። አዲሷን በጓዳ ወይም በሚዘጋ ክፍል ለብቻዋ ማቆየት፣ ምግብና ውኃ እንዲሁም አፈር ወይም አመድ የተደረገበት አሮጌ ሳፋ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተኛችበትን ጆንያ ለነባሮቹ፣ የእነሱንም ለእሷ መስጠት ነው። ቀጥሎ በተዘጋው በር ግራና ቀኝ መመገብ፣ ከዚያም በጠባብ ክፍተት እንዲተያዩ ማድረግ ይቻላል። ጀርባዋን አጉብጣ፣ ፀጉሯን አቁማ የምታጉረመርም ካለች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ እንጂ መምታት አያዋጣም። ትውውቁ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ሁለት ወር የሞላት ግልገል ከትልቅ ድመት ይልቅ ቶሎ ተቀባይነት ታገኛለች። ያልተኮላሹ ወንዶች ግን ይበልጥ ይጣላሉ። የምግብ ዕቃውም በድመቶቹ ቁጥር ልክ ይሁን። «ድመት ከጠገበች አታድንም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ በልኩ የተመገበች ድመት ከቤት ሳትርቅ ታድናለች።

ሌላው ስጋት መርዝ ነው። በዚንክ ፎስፋይድ የሞተ አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች፤ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንዲሉ ነው። ድመት ባለበት ቤት መርዙን አለመጠቀም፣ የሞተ አይጥ ሲገኝም መቅበር ይገባል።

የእብድ ውሻ በሽታም ድመትን ይይዛል፤ ከድመት ወደ ሰውም ይተላለፋል። በመሆኑም ሦስት ወር የሞላት ድመት መከተብ አለባት። በድመት የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ወረዳዎች ውሻ ሲያስከትቡ ድመትንም ቢያካትቱ ጥቅሙ ለሰውም ነው።

ድመት ብቻዋን ጎተራን አታድንም። ጎተራው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ማለት፣ እግሮቹም የቆርቆሮ መከላከያ ሊኖራቸው፣ ዙሪያውም ሊጸዳ ይገባል። የልማት ሠራተኞች ስለ ድኅረ ምርት አያያዝ ሲያስተምሩ የድመቷን ጉዳይ ጨምረው ቢያነሱ፣ አርሶ አደሩ በላቡ ያፈራውን እህል ከጎተራ እስከ ማዕድ ለማድረስ ይረዳዋል።