አረቢካና ሮቡስታ፦ የአሪቻ ቡና ዝርያ ለምን «አደጋ ላይ ነው» ተባለ?

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ወጥቶ አሪቻን ያየ ሰው ሁሉ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከመሃል እንሰት፣ ከሥሩ ደግሞ ቡና ያያል። «ይህ የቡና ዝርያ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው» ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ያሰፈረው ይህንኑ ነው። ነገሩን ለመረዳት አረቢካን ከዘመዱ ከሮቡስታ ጋር እናነጻጽር።

በምደባ ሁለቱም የሩቢያሴ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ ጂነሳቸውም አንድ ነው፤ ኮፊያ ይባላል። የሚለያዩት በዝርያ ነው። የእኛው ኮፊያ አረቢካ ሲሆን ስሙን ያወጣለት ሊኒየስ ነው፤ ዘመኑም 1753 እ.ኤ.አ.። «አረቢካ» የተባለው አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመን በኩል ስለነበር እንጂ መነሻው ኢትዮጵያ ነው። ሮቡስታ ደግሞ ኮፊያ ካኔፎራ ነው። ካኔፎራ 22 ክሮሞሶም ሲኖረው አረቢካ 44 አለው፤ ምክንያቱም አረቢካ የተገኘው ካኔፎራ ኮፊያ ዩጂኒኦይዲስ ከተባለ ሌላ ዝርያ ጋር በተፈጥሮ ተዳቅሎ ነው። ስለዚህ ሮቡስታ ለአረቢካ ወላጁ ነው ማለት ይቻላል።

በጥበቃ ደረጃ ግን ወላጅና ልጅ ተራርቀዋል። ሮቡስታ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኡጋንዳ በዱር ስለሚበቅል «ብዙም ስጋት የሌለበት» ተብሏል። የዱር አረቢካ መኖሪያው ጠባብ ነው፤ በዋናነት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና የባሌ ሐረና ጫካዎች፣ በተጨማሪም የደቡብ ሱዳን ቦማ አምባ። ጫካው ሲመነጠርና አየሩ ሲሞቅ መሸሻ የለውም።

የአሪቻው ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ ነው፤ ቀይ መዝገቡ የሚመዝነው በዱር ያለውን እንጂ ገበሬው የተከለውን አይደለም።

ታዲያ ጓሯችን ቡና ከሞላ ስለ ጫካው ምን አሳሰበን? በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመርጠው የወጡት ከአገራችን የቡና ሀብት ውስጥ ነው። ነገ ለሚመጣው በሽታና ድርቅም መድኃኒቱ እዚያው ጫካ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የቡና ዘር ደግሞ እንደ ጤፍ ደርቆ በማቀዝቀዣ ለረጅም ዘመን አይቆይም፤ በሕይወት ቆሞ ነው የሚጠበቀው። ጫካው ከጠፋ የአሪቻ ገበሬ መጠባበቂያውን አጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ጫካውም ጓሮውም በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው። ለእረፍት ወደየቀያችን ስንመለስ ቢያንስ የቡናውን ጥላ ዛፍ ከመቆረጥ እናስጥል፣ ለቤተሰቦቻችንም ምክንያቱን እናስረዳ።