በሥራ ቦታ የሠራተኞች ቡድን እንዴት ይመሠረታል? ከዕድር የምንማረው አለ

የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ የተመረቁት በ2013 ዓ.ም. ነው። ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ወጥቶ ፋብሪካ ለሚገባ ወጣት ታዲያ ጥያቄው ደመወዝ ብቻ አይደለም። ቤት ኪራይ ከማን ጋር ልጋራ? የማታ ፈረቃ ሲያልቅ ከማን ጋር ልሂድ? ስወልድ ስንት ቀን ዕረፍት አለኝ? አለቃዬ ቢተነኩሰኝ ለማን ልንገር?

ብቻውን የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ «ነገ ና» ይባላል። ተሰባስበው የጠየቁ ግን የመሰማት ዕድላቸው ይሰፋል።

🔹 ቡድኑ ምንድነው?

ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሠራተኞች (እናቶች፣ አዲስ ገቢዎች፣ አካል ጉዳተኞች) በፈቃዳቸው የሚመሠርቱት መደጋገፊያ ነው። በውጭው ዓለም እንደ መነሻ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካው ዜሮክስ ኩባንያ ጥቁር ሠራተኞች ያቋቋሙት ቡድን ነው። እኛ ጋ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ዕድርና ዕቁብ አለ።

🔹 ከሠራተኛ ማኅበር በምን ይለያል?

ማኅበር በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተመዝግቦ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ይደራደራል። ከ10 በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማቋቋም ይቻላል፣ አባላቱም ከ10 ማነስ የለባቸውም። የማኅበር አባል ስለሆነ ብቻ ሰውን ማባረር ሕገወጥ ነው። መደጋገፊያ ቡድን ይህ ጥበቃ በስሙ የለውም። ስለዚህ የደመወዝ ድርድር ከሆነ መንገዱ ማኅበር ነው።

የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከተው ግን ሌላ ሕግ ነው።

🔹 እንዴት እንጀምር?

1. አንድ ችግር ምረጡ። ለምሳሌ የማታ ፈረቃ ትራንስፖርት። ሁሉን በአንዴ የያዘ ቡድን አንዱንም አይጨርስም።

2. እንደ ዕድር ደንብ ይኑራችሁ። ዕድር የሚጸናው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና የተጻፈ መተዳደሪያ ስላለው ነው። ሰብሳቢው የአለቃ ምርጫ ከሆነ ማንም እውነቱን አያወራም።

3. ስብሰባውን ከፈረቃው ጋር አስማሙ። ሁሌ ከሰዓት የሚሰበሰብ ቡድን የከሰዓት ፈረቃዎችን ያስቀራል።

4. ሕጉን እወቁ። በአዋጁ መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ታርፋለች። አባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ያገኛል። በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳ ክልክል ነው።

5. ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ስጡ። ቀን ጻፉበት፣ ኮፒውንም አስቀሩ። በቃል የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

6. ምስጢር ጠብቁ። የቴሌግራም ግሩፕ መቀጣጠሪያ ይሁን እንጂ ማን ምን እንደደረሰበት አይጻፍበት። አንድ ስክሪንሾት ሰው ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን በአካል ተነጋገሩ።

ደቦና ወንፈል ለምናውቅ ልጆች መደጋገፍ አዲስ አይደለም። በወንፈል ዛሬ የእሱን ያረስክለት ሰው ነገ የአንተን ያርሳል። ፋብሪካ ውስጥም የዛሬዋን ነፍሰ ጡር የፈረቃ ጥያቄ አብሯት የጠየቀ፣ ነገ የእሱ ተራ ሲደርስ ብቻውን አይቆምም።

እናንተ ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ቡድን አለ? ምን አስገኘላችሁ? የድርጅትና የሰው ስም ሳትጠቅሱ ጻፉልን 👇