ፊደል የማያውቀው ማሽን

ስለ ድሮ ኮምፒውተር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ስክሪንና ስለ ሜሞሪ ነው። ከስክሪን በፊት ሰው ከኮምፒውተር ጋር የተነጋገረባቸውን በወረቀት ላይ የሚጽፉ ተርሚናሎች የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከነሱ መካከል እንደ አይቢኤም 2741 ልቤን የሚወስደው የለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ይህ ተርሚናል በመሠረቱ በ1961 ለገበያ የቀረበው ሰሌክትሪክ የተባለ የቢሮ የጽሕፈት መኪና ነው፤ ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ ኤሌክትሮኒክስ ተጨምሮለታል። በሰከንድ 15 ገደማ ፊደል ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ሲጽፍ ኪቦርዱ ይቆለፋል።

የሰሌክትሪክ መታወቂያው ኳሱ ነው። ለየፊደሉ የተለየ የብረት ክንድ የለውም፤ የጎልፍ ኳስ በሚያክል፣ በኒኬል በተለበጠ ፕላስቲክ ላይ 88 ምልክቶች ተቀርጸዋል። ኳሱ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይዋጥልኝ “ኳሱን ከቀየሩ ኪቦርዱም ቋንቋውም አብሮ ይቀየራል” የሚለው ወሬ ነው።

አይቀየርም። ማሽኑ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቦታ ብቻ ነው። ኳሱ አራት ረድፍ አለው፤ በየረድፉ 22 ምልክት፣ ከፊት 11፣ ከጀርባ 11። ቁልፍ ሲነካ ማሽኑ የሚታዘዘው “ይህን ያህል አዘንብል፣ ይህን ያህል ዙር” ተብሎ ነው። ሺፍት ደግሞ ኳሱን ግማሽ ዙር ያዞረዋል።

የዙሩ ሒሳብ ነው የሚያስደንቀኝ። አንድ ሰብሳቢ ቤት፣ ኤሌክትሪኩን ነቅለን፣ ሽፋኑን ከፍተን፣ ዘንጉን በእጅ ቀስ እያልን ስናዞር አየሁት። ዙሩን የሚወስኑት አራት ማንሻዎች ናቸው፤ አንዱ 1 ወደፊት፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 2 ወደፊት፣ አራተኛው 5 ወደኋላ። ሦስት እርምጃ ወደፊት ሲፈለግ 1 እና 2 ይደመራሉ። ሦስት ወደኋላ ከሆነ 5 ወደኋላ ይሳብና 2 ይመለሳል። ድምሩ በቀጭን የብረት ጥብጣብ ወደ ኳሱ ይደርሳል። መደመርና መቀነሱ ሁሉ በብረት ነው።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። 2741 በሁለት ዓይነት ተሠርቷል፤ አንዱ የቢሮውን መኪና አቀማመጥ የሚከተል፣ ሌላው ምልክቶቹን ኳሱ ላይ በሌላ ቅደም ተከተል የሚደረድር። በመልክ አይለዩም። የአንዱን ኳስ ለሌላው ከሰጡት በጥራት የተጻፈ ትርጉም የለሽ ዝባዝንኬ ያወጣል። ኮምፒውተሩም ከየትኛው ዓይነት ጋር እንደሚነጋገር ማወቅ ስለነበረበት፣ አንዳንድ ሥርዓቶች ተጠቃሚው መጀመሪያ ከሚጽፈው ቃል ይገምቱ ነበር።

ኳሱን በደንብ የተጠቀሙበት የኬኔት አይቨርሰን የኤፒኤል ፕሮግራም ቋንቋ ሰዎች ናቸው። ቋንቋው በልዩ ምልክቶች የተሞላ ስለሆነ የራሱ ኳስ ተሠራለት። 88ቱ ቦታ ግን አልበቃም። ስለዚህ ሳጥን ይጽፉና በባክስፔስ ተመልሰው በላዩ የማካፈል ምልክት ይደርባሉ፤ አዲስ ምልክት ይወጣል። ቁልፎቹ ካልተቀየሩ የቱ ምን እንደሚጽፍ በቃል መያዝ ነው።

የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ የአማርኛ ኳስ ያምረዋል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። አንድ ኳስ ላይ አይገቡም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪናዎችም ፊደሉን ከቁራጭ የሚገጣጥሙት በዚሁ የቦታ ጥበት ነው።

ኳሱን የቁልፍ መያዣ ጌጥ የምታደርጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት። ማሽኑ እየሠራ ኳስ የምትነቅሉም እንዲሁ። በታችኛው ጠርዙ ያሉት ጥርሶች ኳሱን ቦታው ላይ የሚቆልፉት ናቸው፤ አንዱ ከተሰበረ ፊደሉ ተንጋዶ ያርፋል። ኳስ የምትገዙ ደግሞ ከዋጋው በፊት ለየትኛው ዓይነት ተርሚናል እንደተሠራ ጠይቁ።