ያውቁ ኖሯል? ፍላጻ እየጎበጠ ይበርራል

ከደጋን የተፈናጠረ ፍላጻ ለዓይን ቀጥ ብሎ የሄደ ቢመስልም፣ በእውነቱ ግን አስቀድሞ ወደ አንድ ጎን፣ ቀጥሎም ወደ ሌላው እየጎበጠና እየተቃና የደጋኑን እንጨት ዞሮ እንደሚያልፍ ያውቁ ኖሯል? በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ዮናታን ለዳዊት ምልክት ይሆን ዘንድ የወረወረው ፍላጻ እንኳ ከዚህ የተፈጥሮ ሕግ ውጭ አልነበረም፤ ምሥጢሩ በግልጥ የታየው ግን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላረንስ ሂክማን እጅግ ፈጣን በሆነ የፊልም ካሜራ ካነሣው በኋላ ነው።

ፍላጻው በልኩ ጎብጦ ደጋኑን ዞሮ እንዲያልፍ፣ ግትርነቱ ከደጋኑ ኃይል ጋር መስማማት ይኖርበታል። ለእንጨት ፍላጻ የተለመደው ፈተና፣ በቀላልነቱ የሚደነቅ ሆኖ፣ ዘንጉን 66 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ አጋድሞ፣ 907 ግራም ክብደት በመካከሉ ማንጠልጠልና የጎበጠበትን መጠን መለካት ነው። ለመሳብ 23 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚጠይቅ ደጋን የሚስማማው ዘንግ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎብጣል፤ ለላላ ደጋን የበለጠ የሚጎብጠው ይመረጣል። በሳሎንዎ ውስጥ ሁለት ወንበር አራርቀው፣ ቀጭን ዘንግ አጋድመው፣ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የውኃ ጠርሙስ ቢያንጠለጥሉ የአሠራሩን ጠባይ በዓይንዎ ይመለከታሉ።

የመጨረሻው ምስክር ግን ዒላማው ነው፦ ላባ የሌለው ፍላጻ ላባ ካላቸው ጋር ሲወረወር፣ በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ከእነርሱ ወደ ግራ ቢያርፍ ዘንጉ ከልክ በላይ ግትር፣ ወደ ቀኝ ቢያርፍ ደግሞ ከልክ በላይ ልል ነው።