ከቅንድብ በላይ ያለው ባዶ ክፍል

በሥነ ልቦና መጻሕፍት ሽፋን፣ አንዳንዴም በሐኪም ጠረጴዛ ላይ የሚታይ አንድ ነጭ የሸክላ ራስ አለ። ፀጉር የለውም። አናቱ እንደ እርሻ ማሳ በመስመር ተከፋፍሎ በየቁራጩ «ተስፋ»፣ «ጥንቃቄ»፣ «ደግነት» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለጌጥ ያስቀምጠዋል እንጂ አያነበውም። ይህ ያሳዝናል። ስለ አንጎል ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁና ከተሠሩት ስህተቶች አንዱ እዚያ ሸክላ ላይ ጎን ለጎን ሰፍረዋል።

ትምህርቱ ፍሬኖሎጂ ይባላል፤ የሰውን ጠባይ ከራስ ቅሉ ጉብታና ስርጉድ ማንበብ ማለት ነው። መነሻው በ1758 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ምድር የተወለደው ሐኪም ፍራንዝ ዮሴፍ ጋል ነው። ጋል ተማሪ ሳለ፣ ቃል በቃል በማጥናት የሚበልጡት ጓደኞቹ ዓይናቸው ፈጠጥ ያለ መሆኑን አስተዋለ። ከዓይን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲፋፋ ዓይንን ወደ ፊት ይገፋል ብሎ ገመተ። በዚሁ መንገድ እየሄደ 27 ችሎታዎችንና ዝንባሌዎችን በራስ ቅል ላይ አሰፈረ። በ1801 ትምህርቱ ሃይማኖትንና ግብረ ገብን ይጎዳል ተብሎ ቪየና ላይ ተከለከለ፤ በ1807 ፓሪስ ገባ።

ጋልን ከመዳፍ አንባቢና ከፊት ገማች ጋር አንድ ላይ የሚያጉሩ ሰዎች ሊታረሙ ይገባል። «ፍሬኖሎጂ» የሚለውን ስም እንኳ ያስፋፋው እሱ ሳይሆን ተማሪው ዮሐን ስፑርዝሃይም ነው። ጋል በዘመኑ ከነበሩት የአንጎል አጥኚዎች እጁ ከተመሰገነላቸው አንዱ ነበር። ሌሎቹ አንጎልን እንደ ዳቦ ከላይ ወደ ታች ሲቆራርጡ፣ እሱ የነርቭ ክሮቹን ከሥር ጀምሮ መንገዳቸውን እየተከተለ ይፈታቸው ነበር። ብዙዎች ፍቅርንና ቁጣን ለልብና ለሆድ ዕቃ ሲሰጡ (በአማርኛም እስከ ዛሬ «ልቡ ክፉ ነው» ይባላል) ጋል ሁሉም የአንጎል ሥራ ነው፣ አንጎልም የሥራ ክፍፍል አለው አለ። በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ መናገር ተስኖት «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር የማይወጣውን የአንድ ሕመምተኛ አንጎል ከሞቱ በኋላ መርምሮ፣ ጉዳቱን በግራው የፊት ክፍል አገኘው። ክፍፍሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። የጋል ስህተት ከአንጎል ወደ አጥንት ሲሻገር የመጣ ነው፤ ውስጡ ያበጠበት ቦታ ከውጭ በእጅ ይዳሰሳል ብሎ አመነ።

አንባቢ ጣቱን ከቅንድቡ በላይ፣ ወደ አፍንጫው ሥር ጠጋ አድርጎ ያሳርፍ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ትንሽ ጉብታ ያገኛል። የሸክላው ራስ በዚያ አካባቢ ቅርፅን፣ መጠንን፣ ክብደትን የመለየት ችሎታዎችን ጽፏል። ነገር ግን ከዚያ አጥንት በስተጀርባ ወዲያው የሚገኘው አየር ነው። አጥንቱ በውጭና በውስጥ ንጣፍ ተከፍሎ በመካከሉ ባዶ ክፍል አለ። ስሙን ጉንፋን የያዘው ሁሉ ያውቀዋል። «ሳይነሴ ተነሣብኝ» ብሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ፣ በፎጣ ተሸፍኖ የታጠነ ሰው ግንባሩን ሲከብደው የነበረው ይኸው ክፍል ነው። ሕፃን ሲወለድ ይህ ባዶ ክፍል የለውም፤ በልጅነት ጀምሮ እስከ ጉርምስና እያደገ ይሄዳል። በአንዱ ሰው ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ነው፤ ጭራሽ የሌለው ሰውም አለ። በአንድ ሰው ግንባር ላይ እንኳ ግራውና ቀኙ ብዙውን ጊዜ እኩል አይሆኑም። ስለዚህ ጉብታው የአየር ይሁን የአንጎል በጣት መለየት አይቻልም።

ይህን አጥብቆ የያዘው የኤድንበርጉ ፈላስፋ ዊልያም ሃሚልተን ነበር። ኤድንበርግ በ1820 የፍሬኖሎጂ ማኅበር የተቋቋመባት፣ የትምህርቱ ዋና መናኸሪያ ነበረች። ሃሚልተን የራስ ቅሎችን እየመረመረ ክፍተቱን ዋና መከራከሪያው አደረገው። ፍሬኖሎጂስቶቹ «ችግሩ ጥቂት ቦታዎችን ብቻ ነው የሚነካው» ብለው መለሱ።

ማጅራትም ከዚህ አይሻልም። ከራስ ቅል በስተኋላ በጣት የሚገኘው ሹል ጉብታ የአንገት ጅማትና ጡንቻ የሚያያዝበት አጥንት ነው። ጋል ከዚያ ሥር ባለው ትንሹ አንጎል ውስጥ የፆታ ፍላጎትን አስቀምጦ ነበር። ፒየር ፍሉራንስ በ1820ዎቹ የርግብን ትንሹን አንጎል ሲያወጣ ግን የጠፋው የእንቅስቃሴ ቅንጅት ነው፤ ርግቧ ቀጥ ብላ መሄድና መብረር አቃታት።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ ጊዜ ፀጉሩን ሲቆረጥ፣ ፀጉር አስተካካዩ አናቱን ዳበስ አድርጎ «ጋሼ፣ ይኼ የተማረ ሰው ጭንቅላት ነው» አለው። ከወንበሩ አጠገብ ግን ገና ሲገባ ያስቀመጠው የመጻሕፍት ቦርሳ ነበር። ራስ ዳሳሹ የሚያነበው ጉብታውን ነው ወይስ ስለ ሰውየው አስቀድሞ የሚያውቀውን የሚለውን አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ፈትኖታል። ለንደን ውስጥ የሸክላውን ራስ ያሠራው ሎሬንዞ ፋውለር ዘንድ ማንነቱን ሳይናገር ሄደ፤ ፋውለር የቀልድ ችሎታ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ጉድጓድ አገኘ። ትዌይን ከወራት በኋላ በስሙ ተመልሶ ሲሄድ፣ በዚያው ቦታ ተራራ የሚያህል የቀልድ ጉብታ ተገኘለት።

ጉዳቱ ግን በቀልድ አላበቃም። ሐኪሙ ቻርልስ ካልድዌል በአሜሪካ በዚህ ትምህርት ለባርነት ተከራከረ። የፊላደልፊያው ሳሙኤል ሞርተን በ1839 የሰው ዘሮችን በራስ ቅል መጠን ደረጃ ሲያወጣ፣ የኤድንበርጉ ፍሬኖሎጂስት ጆርጅ ኮምብ በመጽሐፉ ውስጥ ጽሑፍ አክሎለታል። ዛሬም «ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ጎበዝ ይሆናል» እያሉ ልጅ ፊት የሚናገሩ ወላጆች ቢተዉት መልካም ነው፤ ግንባሩ ጠባብ የሆነው ወንድሙም ይሰማል።

በ2018 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎች የኤምአርአይ ምስሎችን ተጠቅመው የሰዎቹን የራስ ቅርፅ ከአኗኗራቸውና ከችሎታቸው ጋር አስተያዩ። የጋልን ካርታ የሚደግፍ ነገር አላገኙም።

ጋል በ1828 ፓሪስ አጠገብ ሞተ። አስከሬኑ በፔር ላሼዝ መቃብር ተቀበረ፤ የራስ ቅሉ ግን ራሱ በጠየቀው መሠረት፣ ዕድሜውን ሙሉ ከሰበሰባቸው የራስ ቅሎች ጋር ተቀመጠ።