ዳንቴ ቃላትን ሲያበጥር

ጣሊያናዊው ገጣሚ ዳንቴ አሊጊዬሪ እ.ኤ.አ. በ1302 ከትውልድ ከተማው ከፊሬንዜ ተባረረ። ተመልሶ ቢያዝ በእሳት እንዲቃጠል ተፈርዶበት ነበርና ቀሪ ዕድሜውን በሰው ደጅ አሳለፈ። በስደቱ መጀመሪያ ላይ፣ ከ1303 እስከ 1305 ባለው ጊዜ ገደማ፣ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጀመረ። ስሟ «ዴ ቩልጋሪ ኤሎኰንቲያ» ነው፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ርቱዕነት እንደ ማለት። ሕፃን ያለ ሰዋስው ከሞግዚቱ አፍ የሚለቅመው ቋንቋ በትምህርት ከሚገኘው ከላቲን ይከብራል ስትል ትሟገታለች። የተጻፈችው ግን በላቲን ነው! ሊቃውንቱን በራሳቸው ሜዳ መርታት ነበረበት፤ አማርኛን በግዕዝ ቅኔ እንደ ማወደስ ቁጠሩት።

ዳንቴ ነገሩን ከሥሩ ያነሳዋል፤ ለመሆኑ ሰው ለምን ይናገራል? መልአክ ንግግር አያሻውም፤ ሐሳቡ ለባልንጀራው ወለል ብሎ ይታያል። እንስሳም አያሻውም፤ የአንድ ዘር እንስሳት ስሜታቸው አንድ ስለሆነ አንዱ ሌላውን በራሱ ያውቀዋል። ሰው ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ያስባል፣ ሐሳቡንም ሥጋ ይጋርደዋል። ስለዚህ ድምፁ በጆሮ የሚገባ፣ ትርጉሙ በአእምሮ የሚያዝ ምልክት ያስፈልገዋል። ቃል ማለት ይኸው ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ እንስሳ ሆና የተናገረችው የበለዓም አህያስ? አንደበቷን ያንቀሳቀሰው መልአኩ ነው ብሎ ያልፋታል። አዳም መጀመሪያ የተናገረው ደግሞ «ኤል» የሚለውን የእግዚአብሔር ስም ነው ይላል፤ እኛ በሚካኤልና በገብርኤል መጨረሻ ላይ የምንጠራውን።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የባቢሎን ግንብ ትረካው ነው። ዳንቴ እንደሚለው በግንቡ ሥር የነበረው ሕዝብ ቋንቋው የተለያየው በሙያ ነው። ለነዳፊዎቹ አንድ ቋንቋ ደረሳቸው፣ ድንጋይ ለሚያንከባልሉት ሌላ፣ ለጠራቢዎቹም ሌላ። ሥራው ከፍ ያለው ደግሞ ንግግሩ ይበልጥ ሻካራ ሆነ። ኢንጂነርና ግንበኛ ሲጨቃጨቁ የሰማ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ከዚያ አደን ይወጣል። ለታላቅ ግጥም የሚመጥነውን ቋንቋ በግስላ መስሎ፣ ጠረኗ በየሄደበት እየሸተተው እሷ ግን አልታይ እያለችው፣ ጣሊያንን በ14 ቀበልኛ ከፋፍሎ ያስሳል። ምላሱ ጨካኝ ነው። የሮማውያንን ንግግር ከሁሉ አስቀያሚ ይለዋል፤ የጄኖቫ ሰዎች «ዜድ» የምትባለውን ፊደል ቢረሱ ዲዳ ይሆናሉ። ፊሬንዜም አትተርፍም። ቦሎኛን ትንሽ ያመሰግናታል፤ ግስላዋ ግን እዚያም የለችም።

በሁለተኛው ክፍል ቃላት ጸጉር ያወጣሉ። የተበጠሩ አሉ፣ ቅባት የበዛባቸው አሉ፣ ጠጉራሞች አሉ፣ የተንጨፈረሩም አሉ። ለታላቁ የግጥም ዓይነት ለካንዞኔ የሚያልፉት የተበጠሩትና ጠጉራሞቹ ብቻ ናቸው። ፍቅር ማለት የሆነው «አሞሬ» የተበጠረ ነው። ከጠጉራሞቹ አንዱ «ሶቭራማኝፊቼንቲሲማሜንቴ» ነው፤ ቀለሙን ብትቆጥሩ 11 ይሆናል፣ ዳንቴ ከሁሉ የሚያከብረው የስንኝ ልክ። አንድ ቃል ብቻውን ስንኝ ሞላ ማለት ነው። «ማማ» እና «ባቦ»፣ እማዬና አባዬ፣ የልጅ ቃል ናቸው ተብለው ከደጅ ተመለሱ።

መጽሐፏ ቢያንስ አራት ክፍል እንዲኖራት ታስቦ ነበር፤ ሁለተኛው ሳያልቅ ተቋረጠች። ዳንቴ ፊቱን ወደ ታላቅ ግጥሙ ወደ «መለኮታዊ ኮሜዲ» አዞረ፣ እዚያም ራሱን ያርም ጀመር። በገነት ያገኘው አዳም ቋንቋዬ ከባቢሎን ግንብ በፊት ጠፍቷል፣ «ኤል»ም በኋላ የመጣ ስም ነው ይለዋል። በመንጽሔ ተራራ ላይ ደግሞ ሮማዊው ገጣሚ ስታቲዩስ የቨርጂልን ግጥም «ኤኔይድ»ን ለማመስገን ቃል ሲፈልግ፣ ዳንቴ በአፉ ያኖረለት ያንኑ ከደጅ የመለሰውን «ማማ» ነው።