ትእዛዝ የጣሰው መንግሥት ሲሆንስ?

«ችሎት መድፈር» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዳኛ ፊት የሚጮህ ሰው ነው። ነገር ግን «ሰነዱን አቅርብ» ተብሎ ታዞ ዝም የሚል ተቋምም ችሎት ደፍሯል።

እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የብላክፊት ተወላጇ ኤሎይዝ ኮቤልና ሌሎች፣ መንግሥት ለነባር ሕዝቦች በአደራ የያዘውን ገንዘብ ሒሳብ እንዲያሳይ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ የከሳሾቹን ሒሳብ የሚመለከቱ ሰነዶች በመንግሥት እንዲቀርቡ አዘዘ፤ መንግሥት ግን ትእዛዙን አልፈጸመም። በየካቲት 1999 ዳኛ ሮይስ ላምበርዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩን ብሩስ ባቢትንና የገንዘብ ሚኒስትሩን ሮበርት ሩቢንን ችሎት ደፍራችኋል አሏቸው።

ሚኒስትሮቹ አልታሰሩም። በፍትሐ ብሔር ችሎት መድፈር ዋናው ዓላማ ማስገደድና የተጎዳውን መካስ ነው፤ ስለዚህ መንግሥት እምቢታው በከሳሾቹ ላይ ያስከተለውን የጠበቃ ወጪ እንዲከፍል ታዘዘ። ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ2009 በተደረሰ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

ሰነድ የተከለከላችሁ ባለጉዳዮች፦ ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚቀርበውን ሰነድና ቀነ ገደቡን በግልጽ ያስቀምጥ። ቀኑ ካለፈ ዝም አትበሉ፤ ለዚያው ችሎት አመልክቱ። ትእዛዝ የሚከበረው የሚከታተለው ሰው ሲኖር ነው።